«የማን ልጅ ነህ?»፦ ጽኑ ጎረምሶችን ስለ ማሳደግ ከጎሮ የተነሣ ዳሰሳ

በቀድሞው የአዲስ አበባ ሰፈር ሲያጠፋ የተያዘ ልጅ ቀድሞ የሚገጥመው ጥያቄ «የማን ልጅ ነህ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ማስፈራሪያ አለበት፤ «ለአባትህ እነግራለሁ» ማለት ነው። ከማስፈራሪያው ሥር ግን ሌላ መልእክት ነበረው፤ ሰው አለህ፣ የሚያውቅህ አለ፣ ብትወድቅ የሚያነሣህ ቤት አለ የሚል። በዚያ ጥያቄ ውስጥ ያደጉ ልጆች ችግርንና የሥርዓት ለውጥን አልፈው ዛሬ ራሳቸው ወላጅ ሆነዋል።

ማታ 12 ሰዓት ላይ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር ባለው ጎሮ የቆመ ሰው ያንን ጥያቄ ብዙም አይሰማም። ከመገናኛና ከቦሌ የሚመጡት ሚኒባሶች የደከመ ወላጅ ያራግፋሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ከተለቀቁ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል፤ ገሚሱ ቤት ዘግቶ ስልኩ ላይ፣ ገሚሱ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ገሚሱ ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ ነው። ጎረቤት ሲወጡ ሲገቡ ያያቸዋል፤ ስማቸውን ግን አያውቅም። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል፤ ስሙ በማይታወቅበት ሰፈር ወድቆ የሚነሣ ልጅ እንዴት ይታነጻል? የሚያሳድገው ወላጅስ ራሱ እንዴት ደኅና ሆኖ ይኖራል?

አዲስ ሰፈር፣ ያልተጣደ ጉርብትና

ጎሮና ዙሪያው፣ ማለትም ሰሚት፣ ፊጋ፣ ጃክሮስ፣ የረርና ቦሌ አራብሳ፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ከእርሻ መሬት ወደ ከተማ የተለወጡ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦችን ወደ ምሥራቁ ዳር አመጣ። የአይሲቲ ፓርክና የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከተሉ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቀንሶ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም የአካባቢው ካርታ ሳይቀር ተለወጠ።

ቤት ማግኘት ትልቅ ደስታ ነው። በዕጣ ወይም በመሃል ከተማ ልማት ምክንያት ወደ ዳር የመጣ ቤተሰብ ግን ጥሎት የመጣው ነገር አለ። አሮጌው ሰፈር በር ለበር ነበር፤ ቡናው ይጠራራል፣ ልጁ ሲርበው ጎረቤት ቤት ገብቶ ይበላል፣ አያት በአቅራቢያ አለች። እዚህ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የብረት በር ተዘግቶ ይዋላል። እድሩ ቢመሠረትም ብዙውን ጊዜ የሚያገናኘው ቀብር ነው። አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ለውጦች ጋር የራሱ ሰውነትም እየተለወጠበት ነው።

ከእነዚህ ልጆች ጎን፣ ከገጠር መጥተው በኢንዱስትሪ ፓርኩ የተቀጠሩ ወጣት ሴቶች አሉ። አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው፣ በፈረቃ እየሠሩ፣ ከደመወዛቸው ላይ ለቤተሰብ የሚልኩ ናቸው። ብዙዎቹ ከጉርምስና ገና መውጣታቸው ነው። ስለ ጽኑ ወጣት ስናወራ እነሱን «ሠራተኛ» ብለን ከቁጥር ማውጣት አይገባንም፤ እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፤ ከእናታቸው ርቀው በእኛ ሰፈር የሚያድጉ።

ጨከን ወይስ ተው?

በየቤቱ የሚሰማው ክርክር በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «እኛ በባዶ እግራችን ተምረን፣ በኩርኩም አድገን ሰው ሆነናል፤ የዛሬ ልጅ ተሞላቅቆ ጠፋ» ይላል። ሌላው «እኔ ያየሁትን ልጄ አያይም» ብሎ ከፊቱ ያለውን ድንጋይ ሁሉ ያነሣለታል፤ ቦርሳውን ይሸከምለታል፣ የቤት ሥራውን ይሠራለታል፣ ከመምህሩ ጋር ይጣላለታል። አብዛኞቻችን በሁለቱ መካከል እንዋልላለን፤ ሰኞ እንጮኻለን፣ ማክሰኞ በጸጸት ስልክ እንገዛለን።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ዲያና ባውምሪንድ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የወላጆችን አያያዝ ስትመድብ ይህንኑ ውዝግብ አግኝታዋለች። ትእዛዝ ብቻ የሚያውቅ ወላጅ አለ፤ ፍቅር ብቻ የሚሰጥ ወላጅ አለ፤ ሦስተኛው ጥብቅ ሥርዓትንና ሞቅ ያለ ፍቅርን አጣምሮ፣ ሕጉን ከነምክንያቱ የሚያስረዳ ነው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ብዙዎቹ ጥናቶች ለሦስተኛው ያደላሉ። የእኛም አባባል ከዚህ አይርቅም፤ «ልጅን ሲወዱ እስከ ንፍጡ ነው» የሚለው ሕዝብ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ያለውም ነው። ሁለቱ ተረቶች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ግን አብረው ይኖራሉ።

መቅጣት መምታት እንዳልሆነ እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሚመታ ልጅ የሚማረው መደበቅን ነው። ያበላሸውን እንዲያስተካክል፣ የሰበረውን እንዲከፍል፣ የዋሸውን ሰው ፊት ለፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ የተደረገ ልጅ ግን መውደቅና መነሣትን በአንድ ጊዜ ይማራል።

ጽናት ከየት ይመጣል?

ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በካዋይ ኤሚ ወርነርና ሩት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1955 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ 40 ዓመታቸው ድረስ ተከታትለዋል። ከልጆቹ ሲሦ ያህሉ በድህነት፣ በወላጆች ጠብ፣ በመጠጥ ወይም በአእምሮ ሕመም በተጎዳ ቤት ያደጉ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ሲሦው ሠርተው የሚያድሩ፣ በራሳቸው የሚተማመኑና ለሌላው የሚያዝኑ አዋቂዎች ሆኑ። እነዚህን ልጆች ከሌሎቹ የለየው ምን ነበር? ደጋግሞ የታየው አንድ ነገር፣ በሕይወታቸው ውስጥ የማይከዳቸው ቢያንስ አንድ አዋቂ መኖሩ ነው። እናት ካልሆነች አያት፣ አጎት፣ መምህር ወይም ጎረቤት። ሌላም የሚያጽናና ነገር ተገኝቷል፤ በጉርምስናቸው ተሰናክለው ከነበሩት ብዙዎቹ በኋላ በትምህርት፣ በሥራ፣ በጥሩ ትዳር ወይም በእምነት አማካይነት ተመልሰው ቆመዋል። በአሥራ ስድስት ዓመት የተሰናከለ ልጅ ያለቀለት ልጅ አይደለም።

ሌላዋ ተመራማሪ አን ማስተን በ2001 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመችው ሥራ ጽናት የጥቂት ተአምረኞች ስጦታ ሳይሆን ከተራ ነገሮች የሚገነባ መሆኑን አስረድታለች፤ ከሚንከባከብ አዋቂ፣ ልጁ ከሚችለው ሥራ፣ ከጓደኛ፣ ከተስፋ፣ ከእምነትና ከሥርዓት።

ይህን ለማመን ሃዋይ መሄድ አያስፈልግም፤ በቆጂ ይበቃል። ከትንሿ የአርሲ ከተማ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ሲወጡ ብዙ ሰው ምክንያቱን በአየሩና በዳገቱ ፈልጓል። አየሩና ዳገቱ የሌሎች ብዙ ከተሞችም ነው። በቆጂ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ልጆቹን በየማለዳው ጠርቶ፣ ስማቸውን አውቆ፣ ቀን በቀን ያሠለጠነ ሰው። ደራርቱ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ ዓለም ያየው ሜዳሊያውን ነው። ከሜዳሊያው በስተጀርባ የቆመ መምህር እንደነበረ መዘንጋት የለብንም።

ሌላዋ ምስክር አበበች ጎበና ናቸው። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ጠፍተው አዲስ አበባ የገቡት እኚህ ሴት፣ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው በወሎ ረሀብ ያዩአቸውን ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በሁለት ልጆች የጀመረው ቤት በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ለብዙ ሺህ ሕፃናት መጠጊያ ወደ ሆነ ድርጅት አደገ። የተጎዳ ልጅ ሰው ካገኘ እሱም ለሌላው ሰው ይሆናል።

ውጤት ያልመጣለት ልጅ ቤት

በጎሮም ሆነ በሌላው የኢትዮጵያ ክፍል የጎረምሳን ቤት ከሁሉ በላይ የሚፈትነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ቁጥሮች ስለ ትምህርት ጥራት ስንጠቅስ ቆይተናል። ስለ ቤተሰብ የሚናገሩትንም መስማት አለብን። ከመቶ ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው «አላለፍክም» የሚል ውጤት ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። በሌላ አነጋገር፣ የወደቀ ልጅን መቀበል የጥቂት ያልታደሉ ወላጆች ዕጣ መሆኑ ቀርቷል፤ በአብዛኛው ቤት የሚደርስ ነው። ይህን ያወቀ ወላጅ ልጁ ሳይፈተን በፊት ሊዘጋጅበት ይገባል።

ውጤቱ በተለቀቀበት ምሽት የሚነገረው ቃል ለዓመታት ይኖራል። «አዋረድከኝ» የተባለ ልጅ ፈተናውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ያጣል። «አባቴ፣ ዛሬ እራታችንን እንብላ፤ ነገ ቁጭ ብለን እናያለን» የተባለ ልጅ ሐዘኑ አይቀርለትም፤ ግን ብቻውን አያዝንም። በነጋታው ደግሞ ያ ንግግር በእውነት መደረግ አለበት፤ የማካካሻ ትምህርት፣ ማለትም ሪሚዲያል፣ ይደርሰዋል ወይ? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ይሻለዋል ወይ? ደግሞ ይፈተን ወይ? የቱ ትምህርት ነው የጎዳው? ማጽናናት ያለ ዕቅድ ባዶ ነው፤ ዕቅድም ያለ ማጽናናት አይያዝም።

«ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄያችንም ቢታረም ይጠቅማል። ደረጃ ብቻ የሚጠየቅ ልጅ የተሸነፈ ቀን የሚያወራው ነገር የለውም። «ዛሬ ምን ከበደህ? እንዴት ተወጣኸው?» የተባለ ልጅ ግን ጥረቱን መቁጠር ይጀምራል።

ስልክ፣ እንቅልፍና ሜዳ

ጆናታን ሃይት በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መጽሐፉ የዘመኑን ልጆች ጭንቀት በአብዛኛው ከስማርት ስልክና ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር አያይዞታል። ካንዲስ ኦጀርስን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ደግሞ ማስረጃው ምክንያትና ውጤትን ለይቶ ለማሳየት አይበቃም ብለው ተከራክረዋል። አውስትራሊያ በዚያው ዓመት ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ሕግ አውጥታለች። የሳይንሱ ክርክር ገና አልተቋጨም።

ወላጅ ግን የክርክሩን ፍጻሜ ሳይጠብቅ ሊሠራው የሚችለው ነገር አለ፤ ምክንያቱም ስልኩ የሚወስደው ነገር በግልጽ ይታወቃል። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰርቪስ የሚጠብቅ የጎሮ ልጅ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቲክቶክ ላይ ከቆየ የተኛው አምስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። በማግስቱ ቢቆጣ፣ ቢነጫነጭ፣ ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ «ባሕርይው ተበላሸ» እንላለን፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ነው። ማታ የቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ ሳሎን አንድ ቦታ ላይ ቻርጅ ቢደረግ ይህ ብቻውን ትልቅ ለውጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ዕድሜ በቀን የ60 ደቂቃ አካላዊ እንቅስቃሴ ይመክራል። ክፍት ቦታ በሕንፃ በሚሞላበት አካባቢ ይህ የወላጅ ብቻ ሳይሆን የአስተዳደሩም ጉዳይ ነው። ለልጆች ኳስ የሚሆን አንድ ሜዳ ማስከበር ለሰፈሩ ሰላም ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል።

ሜዳ የሌለው ልጅ ሌላ መዋያ ያገኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ሺሻንም አግዷል። አዋጁ ጥሩ ነው። በትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ባለሱቅ ግን ልጁን የሚያውቀው ከሆነ ከአዋጁ በፊት እሱ ይከለክለዋል።

የቤት ሥራ የማን ነው?

ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት የልጆችን ሥራ በሁለት መልኩ አሳይቶናል። ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ ትምህርትን ይጎዳል። ለቤተሰብ የሚጠቅም፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ግን ለልጁ የኃላፊነትና የክብር ስሜት ይሰጠዋል።

የጎሮን ቤት በዚህ ዓይን ብናይ አንድ አድልዎ ይታያል። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዕቃ ታጥባለች፣ ሽሮ ትሠራለች፣ ታናሾቿን ታስጠናለች። ወንድሟ «ጥናት አለበት» ተብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሁለቱም ይጎዳሉ፤ እሷ የማጥናትና የመተኛት ጊዜዋን ታጣለች፣ እሱ ሰው እንደሚያስፈልገው የሚሰማበትን ዕድል ያጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ ጀሪካን የሚሞላው፣ ጄነሬተር የሚያስነሣው፣ የአያቱን መድኃኒት ሰዓት የሚያስታውሰው ልጅ «ያለ እኔ ይህ ቤት ይጎድላል» ብሎ ያድጋል። ጽናትን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ሥልጠና የለም።

«በርታ» የማይበቃበት ጊዜ

በአገራችን የማነቃቂያ ንግግር በርክቷል። ከመካከሉ የሚጠቅም አለ፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሙና ደራሲው ዶ/ር ምሕረት ደበበ በመጽሐፍና በቴሌቪዥን ያደረጉት ጥረት ስለ አእምሮ በአማርኛ በግልጽ እንድንነጋገር ረድቷል። ነገር ግን «በርታ»፣ «ትችላለህ» የሚል ቃል ብቻውን ሕመምን አይፈውስም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በአንድ የጎሮ ክፍል ውስጥ 49 ተማሪ ቢኖር ሰባቱ ማለት ነው።

ልጅ ከሁለት ሳምንት በላይ ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከሚወደው ነገር ሁሉ ከራቀ፣ ራሱን ከጎዳ ወይም «ባልኖር ይሻል ነበር» ካለ፣ ጉዳዩ የስንፍና አይደለም። በግልጽና በርኅራኄ ልንጠይቀው ይገባል፤ ስለ ሞት ማሰቡን መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፣ ሸክሙን ያቀልለታል። ብቻውን አይተውም፤ ወደ ሐኪም ይወሰዳል። አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቸኛው በር አይደለም፤ በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ጤና አገልግሎት አለ። ጸሎትና ጸበል የሚከታተል ቤተሰብ ከሐኪሙም ጋር ሊሄድ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የወላጅ ደኅንነት

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የሚያደርገው ማነው? ጠዋት በጨለማ ወጥቶ፣ በታክሲ ሰልፍ ቆሞ፣ የኑሮ ውድነት እያስጨነቀው ማታ የሚገባው ያ የደከመ ሰው ነው። ለእሱ ሌላ ረጅም የግዴታ ዝርዝር መስጠት ጭካኔ ይሆናል። ስለዚህ የሚያጽናናውን እንንገረው፤ የካዋይም፣ የበቆጂም ልጆች ፍጹም ወላጅ አላስፈለጋቸውም። የሚጸና አንድ አዋቂ አስፈልጓቸዋል። በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ስልክ ተቀምጦ፣ ያለ ምርመራ የሚደረግ ጨዋታ ከአንድ ሰዓት ምክር ይበልጣል።

ወላጅ ደኅና ሆኖ መኖሩ ራሱ ትምህርት ነው። ልጅ ጽናትን የሚማረው አባቱ ሥራ ባጣ ወር ምን እንደሚያደርግ በማየት ነው፤ ይጮኻል? ይጠጣል? ወይስ ቁጭ ብሎ ወጪ ይቆርጣል፣ ከእቁብተኞቹ ጋር ይመካከራል፣ ይጸልያል? እናቷ ቁጣ ካበዛች በኋላ «እናቴ፣ ዛሬ አጥፍቻለሁ፤ ደክሞኝ ነው፤ ይቅር በይኝ» ስትል የሰማች ልጅ፣ መሳሳትና መመለስ የትልቅ ሰው ነገር መሆኑን ታውቃለች። ቡና የምትጠጣበት ጎረቤት ያላት እናት፣ ጭንቀቱን የሚያካፍለው ወዳጅ ያለው አባት፣ ለልጃቸው የሚተርፍ ትዕግሥት ይኖራቸዋል።

የዳሰሳው ፍርድ

ጽናት በልጁ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ማዕድን አይደለም። በልጁና በሚያውቁት ሰዎች መካከል የሚበቅል ነገር ነው። ስለዚህ የጎሮ ልጆች ደካማ ናቸው ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። የቀድሞው ሰፈር ሳናስበው ይሰጠን የነበረውን፣ አሁን አስበን የምንሠራው ሥራ ሆኗል፤ ለውጡ ይኸው ነው።

ሥራውም በእጃችን ያለ ነው። በየብሎኩ ያለው እድር ከቀብር በተጨማሪ በወር አንድ ቀን ልጆቹን ከታላላቆቻቸው ጋር ቡና ላይ ቢያገናኝ ወጪው አንድ ኪሎ ቡናና ዳቦ ነው። የወላጅና መምህር ኅብረት (ወመህ) የሚጠራን ለመዋጮ ብቻ እንዳይሆን፣ የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደርም ለወላጅ ስልክ የሚደውለው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ እንዳይሆን መጠየቅ እንችላለን፤ ልጁ የተሻሻለ ዕለት የሚደወል ስልክ ቤቱን ሁሉ ያበራል። ከኢንዱስትሪ ፓርክ ማታ ለምትመለሰው ልጅ አከራይዋ «እንዴት ዋልሽ?» ካለቻት ከተማው ለእሷም ሰው አለው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ዳሰሳ አንድ ነገር ብቻ ይውሰዱ። በዚህ ሳምንት በደረጃው ላይ የሚያልፍዎትን፣ ጆሮው ላይ ኢርፎን ያደረገውን ያንን ልጅ ያስቁሙትና ስሙን ይጠይቁት። ከዚያም አባቶቻችን ይጠይቁት የነበረውን ይጠይቁት፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ማስፈራሪያ፣ በፈገግታ። «የማን ልጅ ነህ?»